በአሮጌው የደን ጠባቂዎች ቤት

በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ በቢተርሩት ሸለቆ ዙሪያ ባሉት ተራራማ ደኖች ውስጥ፣ ቀድሞ የመንግሥት ደን ጠባቂዎች ያድሩባቸው የነበሩ የግንድ ቤቶች ዛሬ ለማንኛውም ሰው በአዳር ይከራያሉ። በር ላይ ቆሞ የሚቀበል ሰው የለም። ተከራዩ ክፍያውን አስቀድሞ ይፈጽማል፣ የበሩ ቁልፍ የሚከፈትበት ቁጥር ይደርሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ከነምድጃው፣ ከነመጥረቢያውና ከነመጥረጊያው በእጁ ይገባል፤ እስኪወጣ ድረስም የቤቱ ጠባቂ እሱ ነው። እኔና ባለቤቴ ከእነዚህ ቤቶች አንዱን የተከራየነው በመጸው ወራት፣ ቀኑ ገና ሞቃት ሆኖ ሌሊቱን ግን ውርጭ መጣል በጀመረበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በፊት ያየኋቸው ታሪካዊ ቤቶች ሁሉ በገመድ የተከለሉ፣ እንዳይነኩ ማስጠንቀቂያ የተለጠፈባቸው ነበሩ። ይህ ቤት ግን ሳይነኩት አይኖሩበትም፤ እንጨት ካልፈለጡ አይሞቅም፣ ውሃ ካልቀዱ አይበሰልበትም፣ ካልጠረጉት ለቀጣዩ ተከራይ አይሆንም። በእንዲህ ያለ ቤት የማደር ፍሬ ነገሩ ያለው እዚህ ሥራ ላይ ነው፤ ቤቱንም እስከ ዛሬ ያቆመው ይኸው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቤቶቹ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተሠሩ ለመረዳት የፈረስንና የበቅሎን እርምጃ ማሰብ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ደኖችን እንዲከልል ሥልጣን የሰጠው በ1891 ባወጣው ሕግ ሲሆን፣ የቢተርሩት ደን የተከለለው ደግሞ በ1897 ነው። በ1905 ደኖቹ ከአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ግብርና መሥሪያ ቤት ተዛወሩ፤ የደን አገልግሎት የሚባለው ተቋምም በጊፎርድ ፒንቾ የበላይ ኃላፊነት ተመሠረተ። በዚያ ዘመን አንድ ደን ጠባቂ የራሱን ፈረስ ይዞ የሚቀጠር፣ መንገድ የሌለበትን ሰፊ አገር ብቻውን የሚዞር ሰው ነበር። ወጥቶ በዚያው ቀን መመለስ ስለማይችል አንድ የፈረስ ቀን በሚያስኬድ ርቀት ላይ ማደሪያ ያስፈልገው ነበር። እዚያው ቢተርሩት ውስጥ የሚገኘው የአልታ ቤት፣ ሁለት ደን ጠባቂዎች በ1899 የሠሩት ባለ አንድ ክፍል የግንድ ቤት፣ ከእነዚህ ማደሪያዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ሲሆን አሁንም ቆሟል።

ስለዚህ የዛሬው ተከራይ ደርሶ ከመኪናው ሲወርድ "እንዴት ያለ ውብ ቦታ መረጡ!" ብሎ የሚደነቅበት ሁሉ በጊዜው የሥራ ጉዳይ ነበር። ከፊት ለፊት የተዘረጋው መስክ ለበቅሎዎቹ ግጦሽ ነው። ከቤቱ በታች የሚወርደው ጅረት ለሰውና ለከብት ውሃ ነው። ከበስተጀርባ ያለው ከፍታ የክረምቱን ነፋስ ያግዳል። ባለቤቴ እርከኑ ላይ ተቀምጣ መስኩን ስትመለከት "ይህን ቦታ የመረጡት በቅሎዎቹ ናቸው ማለት ነው" አለችኝ፤ ነገሩን ከዚህ አሳጥሮ መናገር የሚቻል አይመስለኝም።

ከቤቱ ጀርባ ባለ አንድ ትልቅ የላርች ዛፍ ላይ፣ ከሰው ቁመት እጥፍ በሚሆን ከፍታ፣ ነጭ የሸክላ ቀለበት ተንጠልጥሎ አየን። የዛፉ ቅርፊት ቀለበቱን የያዘውን ሽቦ ውጦታል። ያ ቀለበት የስልክ መስመር ቅሪት ነው። የደን አገልግሎት በየተራራው ባሉት ቤቶችና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶቹ መካከል በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር አንድ ነጠላ ወፍራም ሽቦ ዘርግቶ ነበር፤ መመለሻው መስመር መሬት ራሱ ነው። ምሰሶ ከማቆም ይልቅ የቆሙ ዛፎችን ተጠቀሙ፣ ሽቦውንም ሆን ብለው አላልተው ሰቀሉት። ሽቦው በሸክላው ቀለበት ውስጥ እንደልቡ ስለሚንሸራተት ዛፍ ቢወድቅበት መሬት ድረስ ይጎተታል እንጂ አይበጠስም፤ ጠባቂውም ዛፉን በመጋዝ ቆርጦ ያነሳና ሽቦው ተመልሶ ይነሣል። በአንድ መስመር ላይ ብዙ ቤቶች ስለሚገናኙ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የሆነ ረጅምና አጭር የደወል ምልክት ነበረው። ደኑን የሚያውቅ ሰው የፈጠረው መላ በመሆኑ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ በላይ ይህ የተሰበረ ቀለበት ልቤን ነካው።

ያ ሁሉ ሽቦ የተዘረጋው በዋናነት ለእሳት ነው። በነሐሴ 1910 በሁለት ቀን ውስጥ በአይዳሆ፣ በሞንታናና በዋሽንግተን ወደ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ደን ነደደ፤ ቢያንስ 85 ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹም እሳት ለማጥፋት የዘመቱ ነበሩ። ኤድ ፑላስኪ የተባለ ደን ጠባቂ ከ40 በላይ የሚሆኑ ሰዎቹን ዋላስ ከምትባለው ከተማ አቅራቢያ ወዳለ የማዕድን ዋሻ አስገብቶ፣ በፍርሃት ሊወጡ የሞከሩትን በሽጉጥ እያስፈራራ፣ ጥቂቶቹ ቢሞቱም አብዛኞቹን አትርፏል። በአንድ በኩል መጥረቢያ፣ በሌላው በኩል መቆፈሪያ የሆነው የእሳት አጥፊዎች መሣሪያ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኛ ባደርንበት ቤትም አንዱ በሩ ጀርባ ቆሟል። ከዚያ እሳት በኋላ የደን አገልግሎት እሳትን ገና በጭሱ መያዝ የሥራው ሁሉ ሥራ እንዲሆን ወሰነ፤ በየተራራው ጫፍ የእሳት መጠበቂያ ማማዎች፣ በየሸለቆው የጠባቂ ቤቶች ተሠሩ።

ዛሬ ከሚከራዩት መካከል ማማዎችም አሉ። ብዙዎቹ አራቱም ግድግዳቸው መስኮት የሆነ፣ ጎናቸው ከአራት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ አንድ ክፍል ብቻ ናቸው፤ እንጨቱና መስተዋቱ ተቆራርጦ በበቅሎ ጀርባ ወደ ጫፍ የወጣ ነው። መብረቅ ሲመታ ጠባቂው የሚቆምበት፣ እግሮቹ መስተዋት የለበሱ ትንሽ በርጩማም ነበራቸው። እኔ ግን ጅረት ያለበትን የሸለቆውን ቤት እመርጣለሁ።

በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ግንባታው የበለጠ ሰፋ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 ባቋቋሙትና እስከ 1942 በቆየው ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮርፕስ በተባለው የሥራ ፕሮግራም ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሥራ አጥ ወጣቶች ወደ ደንና ወደ ተራራ ዘመቱ። ደመወዛቸው በወር 30 ዶላር ሲሆን 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰባቸው ይላክ ነበር። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት መጥረቢያ ጨብጠው የማያውቁ ልጆች ስለነበሩ በአካባቢው የሚኖሩ የእንጨት ባለሙያዎች እየተቀጠሩ ሥራውን ያስተምሯቸው ነበር። ያደርንበት ቤት የዚያ ዘመን ሥራ ነው፤ ሥራውንም ለማየት ማዕዘኑ ጋ መቆም ይበቃል።

ማዕዘኑን ብዙ ሰዓት አየሁት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እያንዳንዱ የላይኛው ግንድ ከሥሩ እንደ ኮርቻ ተቦርቡሮ በታችኛው ጀርባ ላይ ተቀምጧል። ቡርቡሩ ከላይ ሳይሆን ከሥር የሆነበት ምክንያት አለው፤ ከላይ ቢሆን ኖሮ ዝናብና የቀለጠ በረዶ እየተጠራቀመበት ግንዱን ያበሰብሰው ነበር። ከሥር ሲሆን ውሃው በክቡ ጀርባ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። በሁለቱ ግንዶች መጋጠሚያ ላይ ጥፍሬን ለማስገባት ሞከርኩ፣ አልገባም። ከዚያ በላይ ባለው ረድፍ ላይ ግን ስንጥቅ እንጨት በምስማር የተመታበት፣ በምርጊት የተደፈነ ክፍተት አለ፤ ሌላ እጅ፣ ምናልባትም ገና ተማሪ የሆነ እጅ የሠራው ይመስላል። በመጥረቢያው ስለት ላይ የነበረች ትንሽ መሰበሪያ በእያንዳንዱ ምት እንጨቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ትታለች፤ ያችን መስመር ተከትሎ አንድ ሠራተኛ የትኞቹን ግንዶች እንደቦረቦረ መለየት ይቻላል። የሠሪው ስም የትም አልተጻፈም፣ መጥረቢያው ግን እነሆ ፈርሞለታል።

ወደ ውስጥ ስንገባ የመጀመሪያው ሥራ መስኮቶቹን ሁሉ መክፈትና ራስ ተመልሶ መውጣት ነው። ይህን የምጽፈው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከባድ ጉዳይ ነው። በምዕራብ አሜሪካ ደኖች የሚኖረው ሆዱ ነጭ፣ ዓይነ ትልቅ የዱር አይጥ በሽንቱና በኩሱ የሃንታ ቫይረስን ያስተላልፋል። አራት ግዛቶች በሚገናኙበት በደቡብ ምዕራቡ አካባቢ በ1993 ጤናማ ወጣቶች በድንገት እየታፈኑ ሲሞቱ ነው በሽታው የታወቀው፤ ሳንባ ላይ ከደረሰ ከሦስት ታማሚዎች ከአንድ በላይ ይገድላል። ሰው የሚያዘው ደረቅ ኩሱ ተጠርጎ አቧራው ሲተነፈስ ስለሆነ፣ ተዘግቶ የቆየን ቤት ከፍቶ ወዲያው መጥረጊያ ማንሳት በጣም አደገኛ ነው። ትክክለኛው አሠራር ቤቱን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ማናፈስ፣ ጓንት ማድረግ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ የአይጥ ምልክት ያለበትን ሁሉ ማርጠብ፣ ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቆ በወረቀት ማንሳትና ከዚያ መወልወል ነው። ከመደርደሪያው ሥር የጥድ ፍሬ ቅርፊት ክምር አገኘንና በዚሁ መንገድ አጸዳነው። ውጭ ቆመን ቤቱ እስኪናፈስ ስንጠብቅ ስለ ቀድሞዎቹ ጠባቂዎች አሰብኩ፤ የበረዶው ወራት ካለፈ በኋላ ቤቱን ሲከፍቱ ይህን ሳያውቁ በደረቁ ይጠርጉ ነበር።

ቀጥሎ ምድጃው ነው። የግንድ ቤት ተዘግቶ ከቆየ ቅዝቃዜው ያለው በአየሩ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ራሱ ቀዝቅዟል። ከሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ግንድ ለመሞቅ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ምሽት እሳቱ ፊት ለፊት ፊት ይለበለባል፣ ጀርባ ግን ይበርደዋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ምድጃውን በእንጨት ይሞላና ሙቀቱ ሲበዛበት አየር ማስገቢያውን ይዘጋዋል። ይህ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሊደረግ ከማይገባው ነገር ዋናው ነው። አየር ያጣ እሳት ሳይቃጠል የቀረውን ጋዝ ከጭሱ ጋር ወደ ላይ ይልከዋል፤ ያም በቀዝቃዛው የጭስ ማውጫ ውስጥ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ጥቀርሻ ይሆናል፣ ጥቀርሻው ሲጠራቀም አንድ ቀን ይቀጣጠልና ጣሪያውን ያነድደዋል። ከሰማንያ ዓመት በላይ በረዶንና መብረቅን የቻለ ቤት በአንድ ምሽት ስንፍና ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ እሳቱ ትንሽና ብርቱ መሆን አለበት፦ ደረቅ እንጨት፣ ቀጭን ፍልጥ፣ በቂ አየር፣ ቶሎ ቶሎ መጨመር።

እንጨቱን መምረጥም ዕውቀት ይጠይቃል። በማገዶ ማስቀመጫው ውስጥ የተከመረው ባብዛኛው ላርችና ሎጅፖል የሚባለው ቀጭን ጥድ ነበር። ላርች መርፌ መሰል ቅጠል ካላቸው ዛፎች መካከል በመጸው ወራት ቅጠሉ ወርቅ መስሎ የሚረግፍ ብርቅ ዛፍ ነው፤ በሞንታና ሰዎች ዘንድም ከማገዶ ሁሉ ተመራጭ ነው። እንጨቱ ከባድ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይፈለጣል፣ ፍሙም ይቆያል። ጥዱ ደግሞ ቶሎ ይያያዛል። በጥዱ ስንጥር አቀጣጥለን በላርቹ ፍልጥ ማደርን ተማርን። የደረቀውን ከእርጥቡ ለመለየት ሁለት ፍልጦችን እርስ በርስ ማጋጨት ይበቃል፤ ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው። በሁለተኛው ጠዋት ስነሣ እጄን ከአልጋው አጠገብ ባለው ግንድ ላይ አሳረፍኩ፣ ለብ ብሏል። እሳቱ ከጠፋ ብዙ ሰዓት ሆኖት ነበር፤ ቤቱን የሚያሞቀው አሁን ግድግዳው ነው። ከዚያ በኋላ በማግስቱም ሆነ በሚቀጥሉት ቀናት ጥቂት እንጨት ብቻ በቂ ሆነ።

ቀኑ በሥራ ራሱን ያከፋፍላል። ውሃ ከጅረቱ ይቀዳል፤ ምንም ያህል የጠራ ቢመስል ጃርዲያ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ጥገኛ ተሕዋስ ስለሚኖርበት ወይ ይጣራል ወይ ይፈላል፣ በዚያ ከፍታ ሦስት ደቂቃ ማንተክተክ ይመከራል። ምግብ ድብ በሚደርስበት ቦታ አይቀመጥም፣ ፍርፋሪም ውጭ አይጣልም። ሽንት ቤቱ ከቤቱ ራቅ ብሎ ስለተሠራ ሌሊት መውጣት የግድ ነው፤ ይህን እንደ ችግር የሚያዩት አሉ፣ እኔ ግን ከዋክብቱን ያየሁት ለዚሁ ስወጣ ነውና አላማርርም። ስልክ አይሠራም። ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር፤ ቤት ስንይዝ ዋልን ከማለት የተሻለ መልስ የለኝም፤ ቤት መያዝም ሙሉ ቀን የሚፈጅ፣ ሲመሽም የሠሩትን በዓይን የሚያሳይ ሥራ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የእንግዶች መዝገብ አለ። የግል ሰዎችን ጉዳይ እዚህ አልገለብጥም። በጥቅሉ ግን መጀመሪያ ላይ ስለ አየሩና ስላዩት እንስሳ የሚጽፉ ሰዎች ገጹ እየገፋ ሲሄድ ስለ ቤቱ መጻፍ ይጀምራሉ፦ የትኛው መስኮት ለመክፈት እንደሚያስቸግር፣ ምድጃው በምዕራብ ነፋስ ጊዜ እንደሚያጨስ፣ መጥረቢያው እጀታው ላልቷልና ውሃ ውስጥ ተነክሮ ቢያድር እንደሚጠብቅ። ይህን የመጨረሻውን ምክር ተከትዬ መጥረቢያውን ለአንድ ሌሊት ባልዲ ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠብቆም አደረ፤ ነገር ግን እንጨቱ ሲደርቅ መልሶ ስለሚላላ ውሎ አድሮ ሽብልቅ እንደሚያስፈልገው እኔም በተራዬ ጻፍኩ። የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቤት ጉዳይ ሲመካከሩ ማንበብ ልብ የሚሞላ ነገር ነው።

ቤቶቹ ለኪራይ የበቁት ሥራቸውን ካጡ በኋላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንገድ ወደ ሸለቆዎቹ ገባ፣ ሬዲዮ ሽቦውን ተካ፣ አውሮፕላን የማማውን ዓይን ተካ፤ በ1940 ደግሞ በአይዳሆ የመጀመሪያዎቹ እሳት አጥፊዎች በፓራሹት ወረዱ። በመኪና በዚያው ቀን ለሚመለስ ጠባቂ ማደሪያ አያስፈልገውም። ኦና የሆነ ቤት ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ ሸክም ነው፤ ሰው ቢጎዳበት ተጠያቂነት ያመጣል። በመሆኑም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙዎቹ ማማዎችና ቤቶች በራሱ በደን አገልግሎት እጅ ተቃጠሉ ወይም ፈረሱ። በ1966 የወጣው የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ታሪካዊ ሕንፃን የሚነካ ሥራ ከመሥራታቸው በፊት ጉዳቱን እንዲመዝኑ አስገደደ፤ ማፍረሱ ቀላል መሆኑ ቀረ። ነገር ግን ያለማፍረስ ሕግ ጣሪያ አይጠግንም። ጣሪያ የሚጠግነው ገንዘብና ሰው ነው። ኪራዩ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በ2004 በወጣው ሕግ መሠረትም ከእንዲህ ያለ ክፍያ ቢያንስ 80 በመቶው ገንዘቡ በተሰበሰበበት ሥፍራ ላይ ይውላል።

ማከራየት ቤቶቹን ይጎዳል የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ባዶ አይደለም። በሩ መቃን ላይ በቢላ የተቀረጹ ስሞች አሉ፣ የወለሉ ሳንቃ በሩ አጠገብ ተጎድቷል፣ በሌሎች ቤቶችም በግዴለሽነት የደረሰ ጉዳት እንዳለ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ተዘግቶ የተቀመጠ የግንድ ቤት ምን እንደሚሆን ያየ ሰው በዚህ ክርክር ብዙ አይቆይም። የግንድ ቤት ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው፤ ጣሪያው ላይ የተሰነጠቀች አንዲት ክዳን፣ ማንም ሳያያት ሁለት ክረምት ካለፈባት፣ ከሥሯ ያለውን ወራጅና ግድግዳ ታበሰብሳለች። ሰው የሚያድርበት ቤት ይሞቃል፣ ይናፈሳል፣ ይደርቃል፤ ስንጥቁም በመጀመሪያው ዝናብ ሌሊት ውሃው አልጋ ላይ ጠብ ሲል ይታወቃል። በቢላ የተጻፈው ስም ያስቀይመኛል፤ ያም ሆኖ ቤት የሚያፈርሰው እሱ አይደለም። ለኔ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፦ ብዙዎቹ ቤቶች ከስድስት ወር በፊት ቀን ጠብቆ መያዝን ይጠይቃሉ፣ የበጋው ቅዳሜና እሁድ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ የማይችል ሠራተኛ ዕድሉ ጠባብ ነው። የሕዝብ ቤት የሆነውን ያህል ለሕዝብ ይደርስ ዘንድ ገና ያልተከፈቱት ቤቶች ተጠግነው ቢከፈቱ ከልቤ እወዳለሁ።

ስለ ደኑ ራሱም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ወደ ጅረቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ቅርፊታቸው ቀይ ቡናማ የሆነ፣ ፀሐይ ሲመታቸው የቫኒላ ሽታ የሚሰጡ ግዙፍ የፖንዴሮዛ ጥዶች ቆመዋል። በአንዱ ግርጌ ሦስት ማዕዘን የሆነ የጠቆረ ጠባሳ አለ፤ ጠርዙ ላይ እያንዳንዱ የቆየ እሳት የተወው ድርብርብ ከንፈር ይታያል። እሳት በየጥቂት ዓመታቱ እየመጣ ቁጥቋጦውን እየጠረገ፣ ትልልቆቹን ዛፎች ግን ሳይገድል ያልፍ ነበር። ከእነዚያ እሳቶች ብዙዎቹን ሆን ብለው ይለኩሱ የነበሩት የአገሩ ባለቤቶች ሳሊሾች ናቸው። አለቃቸው ቻርሎና ሕዝቡ ከቢተርሩት ሸለቆ ተገደው ወደ ሰሜን የተሰደዱት በ1891 ነው፤ የደን ክልል ሕጉ በወጣበት በዚያው ዓመት። በእንዲህ ያለ ቤት ያደረ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይቶ ማሰብ የሚገባው አይመስለኝም። አገሩን የሚያውቁት ሰዎች ሄዱ፣ እሳትን ሁሉ እንደ ጠላት የሚያይ መሥሪያ ቤት ገባ። በ1935 የወጣው መመሪያ ማንኛውም እሳት በታየ በማግስቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት በቁጥጥር ሥር እንዲውል ያዝዝ ነበር። የኛ ቤት የተሠራው ለዚያ መመሪያ ማስፈጸሚያ ነው። እሳት የተከለከለው ደን ግን በቀጫጭን ዛፍና በወደቀ እንጨት ተሞላ፤ በ2000 የበጋ ወራት በቢተርሩት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ነደደ። የሚያስደንቀው ነገር፣ መብረቅ ያስነሳውን እሳት እየተከታተሉ እንዲነድ መተው በደን አገልግሎቱ ዘንድ የተጀመረውም እዚሁ ጎረቤት፣ በሴልዌይ ቢተርሩት ጥብቅ ሥፍራ፣ በ1972 መሆኑ ነው። ዛሬ ትልቅ እሳት ሲቃረብ ሠራተኞች መጥተው እነዚህን አሮጌ ቤቶች ከጣሪያ እስከ መሠረት በአልሙኒየም በተለበጠ እሳት ተከላካይ ጨርቅ ይጠቀልሏቸዋል። ደኑን ከእሳት ሊጠብቅ የተሠራ ቤት አሁን ራሱ ከደኑ እሳት ይጠበቃል። ቤቱን ስወድ ስህተቱንም ጭምር የሚያስታውስ ምስክር አድርጌ ነው የምወደው።

መውጫው ቀን በሥራ የተሞላ ነው። አመዱ ቀዝቅዞ በብረት ባልዲ ይወጣል፤ ፍም በአመድ ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል እጅ ገብቶ ካልተረጋገጠ አይታመንም። ፍራሾቹ አይጥ እንዳይሠራባቸው በጎናቸው ይቆማሉ፣ ወለሉ ይወለወላል፣ ቆሻሻው ሁሉ ወደ መኪና ይገባል። ከገባንበት ጊዜ የበለጠ እንጨት ፈልጠን ምድጃው አጠገብ ከመርን፤ ስንጥሩን ለብቻ፣ ፍልጡን ለብቻ። ሌሊት፣ በበረዶ ርሶ የሚደርስ ሰው መጥረቢያ ሳይፈልግ እሳት እንዲያነድድ ነው።

ከዚያ በፊት ውጪውን ስጠርግ የሰሜን ምሥራቁን ማዕዘን አየሁት። ከጣሪያው የሚንሸራተተው በረዶ እዚያ ጋ ይከመራል፤ አፈሩም ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ የታችኛውን ግንድ ነክቶታል። የቢላዬን ጫፍ ሳስጠጋው ያለ ምንም ተቃውሞ ገባ፤ እንጨቱ በኩብ ቅርጽ እየተሰባበረ ቡናማ ዱቄት ሆኗል። አፈሩን በአካፋ ከግንዱ አራቅኩና አየር እንዲያገኝ አደረግኩ፤ ከዚያ በላይ ግን የተከራይ ሥራ አይደለም። ቤቱን ከፍ አድርጎ በክሪክ ደግፎ፣ የበሰበሰውን አውጥቶ፣ ከዚያው ዓይነት ዛፍ የተጠረበ ግንድ በዚያው ዓይነት ቡርቡር መተካት ይህን ሙያ የሚያውቁ ሰዎች ሥራ ነው።

ስልክ የሚሠራበት ቦታ ስንደርስ መኪናውን ዳር አስይዤ ወደ ወረዳው የደን ጽሕፈት ቤት ደወልኩ። ያነሳችው ሠራተኛ ካመሰገነችኝ በኋላ ከታች ስንተኛው ግንድ እንደሆነ፣ ብስባሱ ወደ ማዕዘኑ መጋጠሚያ መድረስ አለመድረሱን፣ ፎቶ ማንሳቴንም ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው እንደሆነ፣ ቢላዬ መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ ጠንካራ እንጨት እንዳገኘ ነገርኳት፤ ፎቶውንም ላክሁላት። በረዶ ከመጣሉ በፊት ሰው ሄዶ እንደሚያየው፣ ግንዱ ራሱ ግን የሚቀየረው መንገዱ ሲከፈት እንደሆነ ነገረችኝና የቤቱን ስም ፊደል በፊደል ደግማ መዘገበች።